ለባለወፍጮው የሚበቃው

በዚያ ሆስፒታል ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሥነ ምግብ ባለሙያዋን በመዝገብ ስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ነርሶቹ «እህት ካሎሪ» ብለው ስም አወጡላት፤ ስሙም ተጣብቆባት ቀረ። ጠዋት ጠዋት የሜትር ገመዷን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ የሒሳብ ማሽኗን በጋዋኗ ኪስ ሸጉጣ ብቅ ስትል፣ «መጣችልን የቤቱ እመቤት! ዛሬስ ማንን ልታጠግቢ ነው?» ይሏታል። እሷም ትስቃለች። ፊቷ ክብ፣ አረማመዷ ፈጣን፣ ቂም የማታውቅ የአርባ ዓመት ሴት ነበረች።

ሥራዋ ለሰሚው ቀላል ይመስላል። አፍ አውጥቶ «ራበኝ» ወይም «በቃኝ» ማለት የማይችል ሕመምተኛ በቀን ስንት ካሎሪ እንደሚያስፈልገው ታሰላለች። ያ ምግብ ደግሞ በፈሳሽ መልክ፣ በአፍንጫ በገባ ቀጭን ቱቦ፣ በፓምፕ እየተገፋ ቀስ እያለ ሆድ ይደርሳል። ቁም ነገሩ ያለው ስሌቱ ላይ ነው። ጽኑ ታማሚ ዝም ብሎ የተኛ ቢመስልም ውስጡ አያርፍም፤ ከበሽታው ጋር ግብ ግብ ገጥሟል። የሚያቃጥለውን ያህል ካላገኘ ሰውነቱ የገዛ ጡንቻውን ይበላል። ከልክ ሲያልፍበት ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። መካከሉን ማግኘት ነው እንግዲህ ሥራዋ።

ግን እሷም ሰው ናትና የምታዘነብልበት ወገን ነበራት። ገና ተማሪ ሳለች አባቷ በአንድ ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ተኝቶ ነው የሞተው። ጉንጩ ሲጎደጉድ፣ ክንዱ ሲመነምን፣ በየቀኑ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ አይታለች። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት «ይሄ ሰው ምን በላ?» ብሎ የጠየቀ አንድም አልነበረም። ይህን ሙያ የመረጠችውም ያኔ ነው። ስለዚህ ስሌቱ ሲያጠራጥራት እጇ ሁልጊዜ ወደ ላይ ይሄዳል። «ከሚጎድል ይትረፍ» ትላለች።

ባለወፍጮው የመጡት አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ ነው። የስልሳ ሦስት ዓመት ሰው ናቸው፤ ሁለቱም ሳንባቸው በሳንባ ምች ተይዞ፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። ወዲያው የመተንፈሻ ማሽን ተገጠመላቸው፤ ከማሽኑ ጋር እንዳይታገሉ ማስተኛ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ የደም ግፊታቸው አልያዝ ሲል በደም ሥራቸው ሊትር በሊትር ፈሳሽ ገባ። በሦስተኛው ቀን እህት ካሎሪ አልጋ ቁጥር አምስት ዘንድ ስትደርስ፣ ያገኘችው እንደ ኳስ የተነፋ ሰው ነው። ጣቶቻቸው አብጠው አይታጠፉም፤ ዐይናቸው በእብጠት ተከድኗል።

አልጋው ራሱ የሚመዝን አልጋ ነበር። ቁልፉን ስትጫነው ሰማንያ አራት ኪሎ አለ።

«ስንቱ እብጠት፣ ስንቱ ሰው ይሆን?» ብላ ትንሽ አመነታች። ያን ቀን ግን አራት አዳዲስ ሕመምተኞች ገብተው ክፍሉ ታምሷል፤ የሚጠየቅ ቤተሰብም በአቅራቢያው አልነበረም። «ከሚጎድል ይትረፍ» አለችና ለአንድ ኪሎ ሃያ አምስት ካሎሪ አስባ፣ «በቀን ሁለት ሺህ አንድ መቶ» ብላ ጻፈች። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተርም ከሥሩ ፈረመበት።

ይህ ዶክተር ከኋላው «አባ ዝምታ» ይባላል። ቃልን እንደ መድኃኒት በጠብታ የሚሰጥ ሰው ነው። ነርሶቹ «ጥርሱን ያየ የለም» ይላሉ፤ ክፉ ሆኖ ሳይሆን እንዲያው ተፈጥሮው ነው።

በማግስቱ የባለወፍጮው ባለቤት ከእህት ካሎሪ ጋር ተዋወቁ። መተዋወቅ እንኳን አይባልም፤ ድምፃቸው ነው ቀድሟቸው የገባው። እኚህ ሴት ከባላቸው ጋር ወፍጮ ቤት ውስጥ አርባ ዓመት ሠርተዋል፤ ከድንጋይ ጋር እየተጯጯኹ የኖሩ ናቸውና፣ በሹክሹክታ ሲያወሩ እንኳ ከኮሪደሩ ማዶ ይሰማል። ወፈር ያሉ፣ ክንደ ብርቱ፣ ሽታቸው ዱቄት ዱቄት የሚል እናት ናቸው። ነርሶቹ በሁለተኛው ቀን «እማማ ወፍጮ» አሏቸው፤ እሳቸውም ስሙን ሰምተው ወደዱት።

እማማ ወፍጮ በጠያቂ ሰዓት ከባላቸው ራስጌ ተቀምጠው የቤቱን ወሬ አንድ ባንድ ያወርዱላቸዋል። «አንተ ሰውዬ! ትሰማለህ? የወፍጮው ቀበቶ ትናንት ተበጠሰ። ሠሪውን ብጠራው ነገ፣ ነገ እያለ ያሾፍብኛል። አንተ ብትሆን ቆመህ ታሠራው ነበር። አሁን በማን ላይ ልጩህ? አንተ እዚህ ተጋድመሃል!»

እንዲህ ብለው ሲጨርሱ ሁልጊዜ ወደ ምግቡ ፓምፕ ዘወር ይላሉ። በሰዓት ስንት ሚሊ ሊትር ምግብ እንደሚገባ የሚያሳየውን ቁጥር ሳያዩ አይወጡም።

«ሰማንያ ስምንት ላይ ነው፣ ልጄ?»

«ሰማንያ ስምንት ነው፣ እማማ።»

«ጎሽ። እየበላ ነው ማለት ነው። ዶክተሮቹ ስለ ሳንባው የሚነግሩኝ አይገባኝም። መብላት ግን ይገባኛል። የሚበላ ሰው አይሞትም። እጅሽ ይባረክ!»

እህት ካሎሪ ይህን ምርቃት ወደደችው። እውነቱን ለመናገር በየቀኑ ትጠብቀው ጀመር። ሌላውን ሕመምተኛ አይታ ስታበቃ፣ ሰበብ ፈጥራ አልጋ አምስት ዘንድ ጎራ ትላለች፤ የወፍጮውን ቀበቶ ጉዳይ ትጠይቃለች፤ ተመርቃ ትሄዳለች።

ቀናት አለፉ። ትኩሳቱ ጠፋ። በራጁም ላይ ሳንባቸው እየጠራ መጣ። በዘጠነኛው ቀን ማስተኛው ተቀነሰና ባለወፍጮው በራሳቸው ይተነፍሱ እንደሆን ተሞከረ። ሃያ ደቂቃ እንኳ አልሞላቸው፤ ትንፋሻቸው በደቂቃ አርባ ደረሰ፣ ግንባራቸው ላብ በላብ ሆነ፣ ደማቸው ውስጥ የተቃጠለው አየር ተከማቸ። ወደ ማሽኑ ተመለሱ። በአሥራ አንደኛው ቀንም ተሞከረ፤ ያው ሆነ።

አባ ዝምታ ከአልጋው ግርጌ ቆሞ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየ።

«አንድ ጊዜ ደግሞ ካቃታቸው አንገታቸውን ከፍተን ቱቦ እናስገባለን» አለ። ከዚያ ለራሱ የሚናገር ይመስል፣ «ግን ይሄ ሁሉ የተቃጠለ አየር ከየት ነው የሚመጣው? ትኩሳት የለ፣ ምን የለ…» ብሎ ወደ ሚቀጥለው አልጋ ሄደ።

እህት ካሎሪ ከሦስት ሰው ጀርባ ቆማ ነበር። ጥያቄው ቀጥ ብሎ እሷ ላይ አረፈ። የተቃጠለ አየር ከየት እንደሚመጣ ታውቃለች። አንዱ ምንጩ ምግብ ነው። ሰውነት ከሚፈልገው በላይ ሲገባለት ትርፉን ወደ ስብ ይለውጠዋል፤ ያኔ የተቃጠለ አየር ይበዛል፤ ያንን ለማስወጣት ደግሞ ሳንባ ያለ ዕረፍት መሮጥ አለበት። የደከመ ሳንባ ይህን ሩጫ ከየት ያመጣዋል?

ጉብኝቱ ሲያልቅ ወደ አልጋ አምስት ተመለሰች። እብጠቱ ወርዷል። ከአንሶላው ውጪ ያለው ክንድ ቀጭን ነው፤ የአንገታቸው አጥንት ጎልቶ ወጥቷል። የአልጋውን ቁልፍ ተጫነች። ሰባ ሁለት ኪሎ አለ።

«ይሄ ሰው ሰባ ሁለት ኪሎ ነው?» ብላ የክፍሉን አለቃ ነርስ ጠየቀቻት።

ነርሷ አየት አድርጋቸው፣ «ኧረ ተይ! በአየር የሚሞላው ፍራሽ አብሮ እየተመዘነ ነው እንጂ። የመጡ ዕለት በጥድፊያ ነው ያነጠፍነው፤ ከዚያ ወዲህ ሚዛኑን ዜሮ ላይ የመለሰው ያለ አይመስለኝም» አለች።

እህት ካሎሪ የአልጋውን ቁልፍ ለቀቀች። ዐይኗ በመርፌ ወደሚገባው፣ እንደ ወተት ወደ ነጣው ማስተኛ ሄደ። ይህ መድኃኒት በዘይት ነው የሚበጠበጠው፤ ዘይት ደግሞ ምግብ ነው። ከአምስት ቀን በፊት መድኃኒቱ ወደዚህ ሲቀየር ማንም አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም። እዚያው ቆማ አሰላችው፤ በቀን ሦስት መቶ ካሎሪ ያህል ነው። በቱቦ ከሚገባው ጋር ሲደመር ሁለት ሺህ አራት መቶ!

አሁን የሚያስፈልጋት የሰውየው እውነተኛ ክብደት ነው። እማማ ወፍጮን ጠብቃ ኮሪደሩ ላይ ያዘቻቸው።

«እማማ፣ ባለቤትዎ ሳይታመሙ ስንት ኪሎ ነበሩ?»

እማማ ሳቁባት። «ባለወፍጮን ነው ይህን የምትጠይቂው? የሰው ሁሉ እህል ሲመዝን የሚውል ሰው ራሱን ሳይመዝን ይቀራል? በየዓመቱ ሚዛኑ ተመርምሮ በተስተካከለ ማግስት ላዩ ላይ ወጥቶ ቁጭ ይላል። እኔንም ግድ ብሎ ያስወጣኛል። ከዚያ ከበሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ይጽፈዋል፤ የሱን በግራ፣ የኔን በቀኝ።»

«የዘንድሮው ስንት ነበር?»

«የሱን መች አየሁና! የራሴን ለማጥፋት ስታገል!»

በማግስቱ ጠዋት እማማ ስልካቸውን አወጡ። ግድግዳውን ፎቶ አንስተውታል። በግራ በኩል የጠመኔ ቁጥሮች ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል፤ የቀኙን ረድፍ ግን አንድ ትልቅ አውራ ጣት ሸፍኖታል።

«በቀኝ ያለው አይመለከትሽም» አሉ እማማ፣ ኮስተር ብለው።

ስልሳ፣ ስልሳ ሁለት፣ ስልሳ አንድ። ያ ሰው ዓመት ከዓመት ንቅንቅ አላለም። ከአምስት ወር በፊት የተጻፈው የመጨረሻውም ስልሳ አንድ ይላል። እህት ካሎሪ አመስግና ወደ ትንሿ ቢሮዋ ገባች፤ ስልሳ አንድን በሃያ አምስት አባዛች። አንድ ሺህ አምስት መቶ ሃያ አምስት። በየቀኑ ወደ ዘጠኝ መቶ የሚጠጋ ትርፍ ነው የምትሰጣቸው የነበረው። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ወረቀቱን ይዛ ተነሣች። እንዲህ ያለ ነገር ካደረ ይከብዳል።

አባ ዝምታ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ስህተቱን ያገኘው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«የሠራውስ?»

«እሱም እኔው ነኝ፣ ዶክተር።»

«ከሥሩ የፈረመውስ?» አለና የራሱን ፊርማ በጣቱ ነካ። «ዛሬውኑ ቀንሺው። ግን ስልሳ አንድም ተባዝቶ ግምት ነው። የሰውዬው ሰውነት ራሱ ይንገረን። ያ የትንፋሽ መለኪያ ማሽን የት ነው ያለው?»

ነርሶቹ ቆይተው እንደተናገሩት፣ አባ ዝምታ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ሲያወራ የተሰማው ያን ቀን ነው። ማሽኑ ሕመምተኛው ወደ ውስጥ የሚስበውንና ወደ ውጪ የሚያስወጣውን አየር ለክቶ፣ ሰውነቱ ስንት ካሎሪ እያቃጠለ እንደሆነ በቀጥታ የሚናገር ነው። ከተገዛ በኋላ አንዲት ማገናኛ ቱቦ ጠፍታ ዓመት ሙሉ ዕቃ ቤት ተቆልፎበታል። የጥገናው ባለሙያ ተጠራ። «ነገ ረፋድ ላይ አደርስልሻለሁ» አላት፤ እሷም አላመነችውም።

ከሰዓት በኋላ እማማ ወፍጮ መጡ። የቀበቶውን ወሬ ጨርሰው ወደ ፓምፑ ዞሩ።

«ይሄ ምንድነው? ሃምሳ? ሰማንያ ስምንት የነበረው ሃምሳ?»

እህት ካሎሪ ሮጣ ደረሰች። «እማማ፣ ላስረዳዎት…»

«ምኑን ነው የምታስረጅኝ? ተስፋ ቆረጣችሁበት አይደል? ዕድሜ ለኔ! ግድግዳዬን ፎቶ አንስቼ አምጥቼ በገዛ እጄ ጉርሱን አስቀነስኩበት! ቀጭን መሆኑን ባልነግርሽ ይሄኔ እየበላ ነበር!»

የእማማ ድምፅ የወፍጮ ድንጋይን የሚበልጥ ነውና ያልሰማ አልነበረም።

«ተስፋ አልቆረጥንም» አለች እህት ካሎሪ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሲመጡ አብጠው ነበር፤ እብጠቱንም ፍራሹንም እንደ ሥጋ ቆጠርኩት። ከሚፈልጉት በላይ ስሰጣቸው ነበር የከረምኩት። ትርፉ ነው ትንፋሻቸውን የሚያደክመው፤ ከማሽኑ ለመላቀቅ እንዲቸገሩ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ እሱ ይመስለኛል። በቱቦና በመድኃኒቱ አሁንም የሚበቃቸውን እያገኙ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እማማ ወፍጮ ቦርሳቸውን አንሥተው፣ ሳይመርቁ ወጡ። እህት ካሎሪ ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ አውቶቡሱ ሁለት ፌርማታ አሳልፏት ነው የነቃችው።

የጥገናው ሰው ግን ቃሉን ጠበቀ። ማገናኛዋን ቱቦ በሌላ ዕቃ ካርቶን ውስጥ አግኝቷት፣ በማግስቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ማሽኑን እየገፋ መጣ። ማሽኑ ተገጠመ። እማማም መጡ፤ በአንገታቸው ብቻ ቀዝቀዝ ያለ ሰላምታ ሰጥተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

እህት ካሎሪ ጎንበስ አለች። «እማማ፣ አሁን ባለቤትዎ ስንት እንደሚበቃቸው ራሳቸው ሊነግሩን ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይነኩ፣ ሳይረበሹ መቆየት አለባቸው። እና… እርስዎም ዝም ማለት ይኖርብዎታል።»

«የኔ ማውራት ከሱ ትንፋሽ ጋር ምን አገናኘው?»

«እርስዎ ሲያወሩ ልባቸው ይፈጥናል። ነርሶቹ ሁሉ አይተውታል። ይኸው እዚህ ሰሌዳ ላይ ከሰማንያ ሁለት ወደ ዘጠና ይወጣል።»

እማማ ወደ ሰሌዳው ዞሩ። «ይሰማኛል እንዴ?»

«የሚሰሙዎት ይመስለናል።»

ሌላ ቃል አልተናገሩም። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙና ተቀመጡ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። አንዴ የባላቸው ትራስ ተጣሟል ብለው በእጃቸው አሳዩ፤ እህት ካሎሪ በዐይኗ «ይቆይ» አለቻቸው። አንዴ ማስነጠስ መጥቶባቸው አፍንጫቸውን ጨምቀው፣ ፊታቸው እስኪቀላ ታግለው መለሱት። የአልጋ አራት አስታማሚ ሳቁን ለመያዝ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አባ ዝምታ እንኳ መጥቶ ከግርጌ ቆሟል። በማሽኑ ላይ ያለው ቁጥር መጀመሪያ ሲዋዥቅ ቆየ፤ ኋላ ረጋ። አንድ ሺህ አራት መቶ ዘጠና።

እህት ካሎሪ ትንፋሿን ለቀቀች። ከጠመኔው ቁጥር ጋር የሚለያየው በጥቂት ነው።

«ተፈጸመ። አሁን ይናገሩ፣ እማማ» አለች።

እማማ ግን አርባ ዓመት ያልጠፋባቸው ቃል ያን ሰዓት ጠፋባቸው። እጃቸውን ዘርግተው የባላቸውን ጣቶች ያዙ። «አንተ ሰውዬ…» አሉ በመጨረሻ። «ትሰማኛለህ አሉኝ። ታዲያ ምን አዘጋህ? ተነሥ እንጂ! ቀበቶው አልተሠራም። ቤቱ ያለ አንተ ዝም ብሏል፤ ዝምታውን አልቻልኩትም።»

ማሽኑ አሁንም ተገጥሞ ነበር። ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። አንድ ሺህ አምስት መቶ ሃያ። አንድ ሺህ አምስት መቶ ሰባ። አንድ ሺህ ስድስት መቶ አሥር።

«ምንድነው እሱ የሚጨምረው?» አሉ እማማ በድንጋጤ።

«የርስዎ ድምፅ ነው። እርስዎን ሲሰሙ ሰውነታቸው የበለጠ ያቃጥላል።»

እማማ ወፍጮ ቁጥሩን አዩ፣ ባላቸውን አዩ። «አርባ ዓመት ሙሉ ‹አቃጠልሽኝ፣ አቃጠልሽኝ› ሲለኝ ኖረ፤ እኔ ደግሞ ያጋንናል እል ነበር። ለካ እውነቱን ነው!»

ያን ጊዜ ነው የአባ ዝምታ ጥርስ የታየው። አንድ ጊዜ ፈነዳበት፤ ሊያቆመው ሲሞክር ባሰበት። አለቃዋ ነርስ ዐይኗን እየጠረገች፣ የጥገናው ሰው ማሽኑን ተደግፎ፣ ሁሉም ሳቁ። እህት ካሎሪም ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ሄደባት፤ እማማ ክንዷን ይዘው ወደ ኮሪደሩ አወጧት።

«ትናንት ክፉ ተናገርኩሽ» አሉ። «ቤቴ ገብቼ ሳስበው ነው የገባኝ። ወፍጮም እኮ እንደዚሁ ነው። ከአፉ በላይ ከጨመርሽበት ይታፈናል፤ ድንጋዩ አይዞርም። ይህን አርባ ዓመት ሙሉ ለሠራተኛው ሁሉ ሳስተምር ኖሬ፣ በገዛ ባሌ ላይ ሲሆን ጠፋኝ።»

«ስህተቱ የኔ ነው፣ እማማ።»

«እሱማ ያንቺ ነው» አሉ እማማ ያለ ምንም ማሽሞንሞን። «ግን እኔስ? ሰማንያ ስምንት፣ ሰማንያ ስምንት እያልኩ በየቀኑ ስመርቅሽ! ሁለት ሴቶች ተባብረን ልናፈነዳው ነበር እኮ!»

እህት ካሎሪ እዚያው ቆማ፣ ለማንም ነግራ የማታውቀውን ነገረቻቸው፤ የአባቷን ክንድ፣ ሦስቱን ሳምንታት፣ የጠየቀ ሰው አለመኖሩን። እማማ ሳያቋርጡ ሰሟት። ለሳቸው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

«አባትሽ ዛሬ ቢያዩሽ ደስ ይላቸው ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ግን ልጄ፣ የሳቸውን ድርሻ ለኔ ባል አታጉርሺው።»

ከዚያ ወዲህ የባለወፍጮው ምግብ በተለካው ልክ ሆነ። ጡንቻቸው እንዳይጎዳ ፕሮቲኑ ተጠበቀ፤ ትርፉ ብቻ ነው የተነሣው፤ ነጩ ማስተኛም ቀስ በቀስ ቀነሰ። በሁለተኛው ቀን ደማቸው ውስጥ ያለው የተቃጠለ አየር ወረደ። በአራተኛው ቀን እንደገና ተሞከሩ። ግማሽ ሰዓት። አንድ ሰዓት። ሁለት ሰዓት። ትንፋሻቸው በደቂቃ ሃያ ሁለት ላይ ረግቶ ቆየ። ምግቡ ብቻውን አዳናቸው የሚል የለም፤ ሳንባቸውም ተሽሎ ነበር፣ ቀናቱም ረድተዋል። ግን አባ ዝምታ ቱቦውን ከጉሮሯቸው ካወጣ በኋላ እህት ካሎሪን ፈልጎ አገኛትና ራሱን ነቀነቀላት። ከእሱ ይህ ንግግር ነው።

እማማ ተጠርተው ሲገቡ ባለወፍጮው ዐይናቸውን ገልጠው ነበር። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን የለም። እማማ ጆሯቸውን አስጠጉ። ሰውየው ጉሮሯቸውን እንደምንም ጠርገው በሻከረ ድምፅ፣ «ቀበቶው… ተሠራ?» አሉ።

እማማ ወፍጮ ያን ቀን የጮኹት ጩኸት ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ተሰምቷል።

ሰው ከጽኑ ሕመም ሲያገግም ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ቆሞ መራመድ፣ የሟሸሸውን ጡንቻ መልሶ መገንባት አለ፤ ፍላጎቱ ከፍ ይላል። ባለወፍጮው ወደ ተራ ክፍል በወረዱ በሳምንቱ እህት ካሎሪ ቆመው በሚመዘኑበት ሚዛን ላይ አወጣቻቸው። ሃምሳ አምስት ኪሎ አለ። አሰላችና፣ «እማማ፣ ካሁን በኋላ በቀን ከሁለት ሺህ በላይ ያስፈልጋቸዋል» አለች።

«በድጋሚ በይው!» አሉ እማማ፣ እጃቸውን እያሻሹ።

ከዚያ በኋላ ለባለወፍጮው ዕረፍት የለም። እርጎ ይመጣል፤ እንቁላል ይመጣል፤ ሾርባ በፔርሙስ ይመጣል። አንድ ቀን እህት ካሎሪ ስትገባ ባልና ሚስት በማንኪያ ላይ ተፋጠዋል።

«ጠግቤያለሁ አልኩሽ እኮ!»

«አልጠገብክም። ባለሙያዋ ናት የምታውቀው።»

ባለወፍጮው ወደ እህት ካሎሪ ዞሩ። ዐይናቸው ውስጥ ተንኮል ነበር። «ተኝቼ ሳለሁ ምግቤን የቀነስሽው አንቺ ነሽ አሉ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እባክሽ ደግመሽ ቀንሽልኝ።»

ሲስቁ ሳል ያዛቸው፤ እማማም ጀርባቸውን እየመቱ፣ «ይኸውልህ ሆድህ ባዶ ስለሆነ ነው!» አሏቸው።

በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥም አንዳንድ ነገር ተቀየረ። የትንፋሽ መለኪያው ከዕቃ ቤት ወጥቶ ከነርሶቹ ጠረጴዛ አጠገብ ቦታ ተሰጠው። የአልጋው ሚዛን አዲስ ሰው ከመተኛቱ በፊት ዜሮ ይደረጋል። በምግብ ቅጹ ላይም እህት ካሎሪ አንድ መስመር አስጨመረች፤ «ሳይታመም ስንት ኪሎ ነበር? የሚያውቀውን ሰው ጠይቁ» ይላል። እጇ ወደ ላይ ማዘንበሉን ሙሉ በሙሉ ተወች ማለት አይቻልም፤ ሰው የለመደውን በአንድ ወር አይተውም። ግን ከመጻፏ በፊት አሁን ሁለት ጊዜ ትጠይቃለች።

ባለወፍጮው ወደ ቤታቸው የሄዱት ሐሙስ ቀን ነው። እህት ካሎሪ ልትሰናበታቸው ስትወርድ ሰዓቱ ስምንት አልፎ ነበር። ሰውየው በሆስፒታሉ በር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ በሰፋባቸው ኮት ውስጥ ተቀምጠው መኪና ይጠብቃሉ። እማማ ወፍጮ ተነሥተው አቀፏት፤ ከዚያ ራቅ አድርገው ፊቷን አዩ።

«አንቺ ልጅ፣ ምሳ በልተሻል?»

እህት ካሎሪ ለማሰብ ቆመች። «ገና ነኝ። አሥራ ሁለት ሰው ነው ዛሬ ያየሁት፤ አልደረሰኝም።»

«እኔን!» አሉ እማማ። «አየኸው ይህን? የሀገሩን ሆድ ስታሰላ ውላ የራሷን ረስታ!»

ባለወፍጮው በዝግታ ጠጋ አሉና ከጎናቸው ቦታ ለቀቁላት። እማማ ከቦርሳቸው ዳቦና ሁለት የተቀቀለ እንቁላል አወጡ፤ አንዱን አግዳሚው ጠርዝ ላይ መትተው እየላጡ፣ «ቁጭ በይ። መኪናው ይጠብቃል» አሏት።

ተቀመጠች። ባልና ሚስቱ ግራና ቀኝ ሆነው እያዩዋት፣ የመጀመሪያውን እንቁላል በላች፤ ሁለተኛውንም ተቀበለች።